በድሮ መኪና ካንዴላ ላይ ዘይት ሲገኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅም ሆነ በወልዲያ የድሮ ቮልስዋገን፣ ፔጆ፣ ላዳ ወይም ፊያት የያዘ ሰው ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰውን ዕቃ) አስፈትቶ ጫፉን በዘይት ርሶ ሲያገኘው የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» የሚል። ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ ሆኖ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያለው ክፍተት የሚዘጋው ቀለበት ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም ሞተር ማውረድ ምርመራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ የምርመራ ምትክ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ የሚከተሉት መልሶች በትንሽ ወጪ ከሚደረገው ምርመራ ተነሥተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ካንዴላው ላይ ያለው በእርግጥ ዘይት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጥቁር የሆነ ሁሉ ዘይት አይደለም። በጤናማ ሞተር ውስጥ የሠራ ካንዴላ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል። ደረቅ ሆኖ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ጥላሸት ካለው፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር በዝቷል ማለት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗና አየሯም ስስ በመሆኑ፣ ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) እዚህ ሲሠራ ቤንዚን ያበዛል፤ በዚህ ምክንያት የሚጠቁረውን ካንዴላ ዘይት የነካው አድርጎ መቁጠር በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

የዘይት እርጥበት ያብረቀርቃል፣ ሲነኩትም ያሙለጨልጫል። ሞተሩ አልነሣ ብሎ ቤንዚን ያጥለቀለቀው ካንዴላም እርጥብ ስለሚሆን፣ ሁለቱን ለመለየት ጫፉን በነጭ ወረቀት መጥረግና ወረቀቱን ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፤ ዘይት ከሆነ ግን ወረቀቱን የሚያሳልፍ የቅባት ምልክት ትቶ ይቀራል። በካንዴላው ጫፍ ላይ የተጋገረ ነጣ ያለ ወይም ግራጫ አመድ ከታየ ደግሞ ዘይት በጥቂት በጥቂቱ ለረጅም ጊዜ ሲቃጠል እንደ ቆየ ያመለክታል።

ዘይቱ በካንዴላው በየትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ማየት ለምን ያስፈልጋል?

የምርመራው ግማሽ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ካንዴላ ሁለት ዓለም የሚያዋስን ዕቃ ነው፤ ነጩ ሸክላና የቁልፍ መያዣው ከሞተሩ ውጭ ናቸው፣ ጫፉ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ነው። ዘይቱ ሸክላው፣ የገመዱ ኮፍያ ወይም የጥርሱ ላይኛ ክፍል ላይ ብቻ ሆኖ ጫፉ ደረቅና ቡናማ ከሆነ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባ ዘይት የለም፤ ከላይ፣ ማለትም ከቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል ገብቶ ፍሳሽ ከሚያግደው ንጣፍ) ወይም ከካንዴላው ጉድጓድ ጎሚኒ (ዘይት ከሚያግደው ጎማ) የሚፈስ ነው። ይህ በትንሽ ዕቃ ግዢና በግማሽ ቀን ሥራ የሚጠገን ነው። ጫፉ ራሱ የረጠበ ከሆነ ግን ዘይቱ ያለፈው በፋሻ፣ በቫልቭ ወይም በአየር መግቢያው በኩል ነው።

የሞተሩ አሠራርም መታየት አለበት። በፔጆ 404 እና በ504 የቤንዚን ሞተር ላይ ካንዴላዎቹ በቫልቭ ክዳኑ መካከል በሚያልፉ ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ የጉድጓዶቹ ጎሚኒ ሲደርቅ ዘይት ይሞላባቸዋል። በአንጻሩ ቮልስዋገን ጥንዚዛ ላይ ካንዴላዎቹ ከቫልቭ ክዳኖቹ ርቀው በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከጫፍ በሚዘጋው ክፍል) ውስጥ ስለሚገቡና ክዳኖቹም ከጎን በኩል ዝቅ ብለው ስለሚገኙ፣ ከክዳን የሚያፈስ ዘይት ወደ መሬትና ወደ ጭስ ማውጫው እንጂ ወደ ካንዴላው አይሄድም። የላዳ 2101 ካንዴላዎችም በቴስታታው ጎን ላይ ናቸው። ስለዚህ የፔጆ ባለቤት መጀመሪያ ክዳኑን ሊጠረጥር ይገባል፤ የቮልስዋገን ባለቤት ግን በክዳኑ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልገውም።

ጉድጓዱ ዘይት ከሞላ ካንዴላውን እንዴት ልፍታ?

ከመፍታትዎ በፊት ዘይቱን ያውጡ። መርፌው የወለቀ ትልቅ ሲሪንጅ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አድርገው መምጠጥ፣ የቀረውንም በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ይቻላል። ይህን ሳያደርጉ ካንዴላውን ቢፈቱት ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል፤ ከነዘይቱም የከረመ አሸዋ ሊገባ ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ካንዴላው በዘይቱ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ደረቅ የነበረው ጫፉ መርጠቡ ነው። ጥፋቱ የአንድ ጎሚኒ ሆኖ ሳለ «ፋሻ ነው» ተብሎ ሞተር የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው። ጉድጓዱ ደርቆ የወጣ ካንዴላ ብቻ ነው የሚታመን።

ጫፉ ረጥቧል፤ ጥፋቱ የፋሻ ነው ወይስ የቫልቭ?

ለዚህ ጥያቄ የወሎ ሰው በብዙ ጋራዥ ውስጥ የማይገኝ መመርመሪያ አለው፤ እሱም የሐረጎ መንገድ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ መንገዱ ወደ 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መኪናውን በማርሽ ይዘው፣ እግርዎን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንሥተው ሲወርዱ፣ የካርቡራቶሩ በር ተዘግቶ ሳለ ፒስተኖቹ አየር መሳባቸውን ስለሚቀጥሉ በአየር መግቢያው ውስጥ ኃይለኛ መምጠጥ ይፈጠራል። የቫልቭ ግንዶቹ ጎሚኒ የደረቀ ወይም ግንዱ የሚመላለስበት ቱቦ የሰፋ ከሆነ፣ ያ መምጠጥ ከላይ ያለውን ዘይት እየሳበ ወደ ሲሊንደር ያስገባዋል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጡ ከኋላ ቱግ ብሎ የሚወጣና ወዲያው የሚጠራ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ምልክት ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሰማያዊ ካጨሰም ጥርጣሬው ወደዚያው ያመዝናል፤ ምክንያቱም ዘይቱ በሌሊት በግንዱ ላይ ተንጠባጥቦ ያድራል።

የመልሱ ጉዞ ደግሞ ሌላውን ይነግርዎታል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ ሞተሩ ሸክም ላይ ስለሆነና በፒስተኑ ላይ ያለው ግፊት ስለሚበረታ፣ ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ያለቀ ሞተር አቀበቱን እስኪጨርስ ድረስ ሳያቋርጥ ያጨሳል። ጭሱን ከመስታወት ይልቅ ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተል ሰው ቢመለከተው ይሻላል፤ መንገዱ ከባድ መኪና የሚበዛበትና ጠመዝማዛ ስለሆነ ሾፌሩ ዓይኑን ከፊቱ ባያነሣ መልካም ነው። ሙከራውን ለማድረግ ሲባል ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ መውረድ ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሬን ከማጋሉም በላይ ምንም የሚያሳይ ነገር የለውም።

የጭሱ ቀለም መለየት አለበት። ሰማያዊ የዘይት፣ ጥቁር የቤንዚን መብዛት፣ ሳይጠፋ የሚቆይ ነጭ ደግሞ የውሃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የደሴ ጠዋት ላይ ከማንኛውም መኪና የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ስለሚጠፋ ከዚህ አይቆጠርም።

የኮምፕሬሽን ልኬት ደሴ ላይ ሲደረግ ቁጥሩ የሚያንሰው ለምንድን ነው?

ኮምፕሬሽን ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት ሲሆን፣ የሚጨምቀውም በዙሪያው ያለውን አየር ስለሆነ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ጠለል 10 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሲሊንደር ደሴ ላይ 7.5 ባር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 8 ባር ገደማ ሊያሳይ ይችላል። የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ የሠፈረውን ቁጥር ይዞ «ሞተሩ ሞቷል» የሚል ሰው ከፍታውን ረስቷል። በእኛ አገር የሚጠቅመው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ነው፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች ከሆነ ያ ሲሊንደር ችግር አለበት።

ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው በሥርዓቱ ከተደረገ ነው። ሞተሩ መሞቅ፣ ባትሪው መሙላት፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ መፈታት፣ የኮይሉ ገመድ መነቀል ይኖርበታል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው) ሲመታም ሌላ ሰው ነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ መያዝ አለበት። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር በበቂ ሁኔታ ስለማይገባ ቁጥሩ ሁሉ ያንሳል፤ የሰማሁት አብዛኛው «ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን» የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይት ጨምረው፣ ሞተሩን ጥቂት አዙረው፣ ልኬቱን ይድገሙ። ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ጥፋቱ ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ካልጨመረ አየሩ የሚያመልጠው በቫልቭ መቀመጫ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ሲሊንደሮቹ በጎን የተጋደሙበት ቮልስዋገን ላይ ግን የተጨመረው ዘይት ወደ ታችኛው ግድግዳ ብቻ ስለሚሰበሰብ ይህ ሙከራ ብዙ አይታመንም።

ሁለት ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የደረቀ የቫልቭ ጎሚኒ ዘይት ያሳልፋል እንጂ ኮምፕሬሽን አይቀንስም። እንዲሁም በፒስተኑ ላይ ከሚገኙት ፋሻዎች ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ስለሆነ፣ እሱ ብቻ በካርቦን ከተያዘ ላይኞቹ ግፊቱን ጠብቀው ይይዛሉ፣ ዘይቱ ግን ያልፋል። ስለዚህ ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው ማለት ፋሻው ከጥርጣሬ ወጥቷል ማለት አይደለም።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ከሌለስ?

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይበቃል። ያረጀ ካንዴላ ሸክላው እንዲወጣለት ተደርጎ የአየር ቱቦ መቀበያ በቶርኖ ቤት ይሠራለታል፤ ከዚያም የሚመረመረው ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጊዜ ጫፍ ላይ ሲደርስ አየር ይለቀቅበታልና የሚያፏጭበት ቦታ በጆሮ ይደመጣል። ድምፁ ከዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻ፣ ከካርቡራቶሩ ከመጣ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ከመጣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። አየሩ ሞተሩን በድንገት ሊያዞረው ስለሚችል ማንም ሰው እጁን ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው ማራቅ አለበት።

አራቱም ካንዴላ ሳይሆን አንዱ ብቻ ቢረጥብ ምን ማለት ነው?

አራቱም እኩል ከረጠቡ ምክንያቱ ለሁሉም የጋራ የሆነ ነገር ነው፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ ሲሊንደር ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ መንሥኤና ውጤት ይገለባበጣሉ። የካንዴላው ገመድ ተቆርጦ ወይም የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ተሰንጥቆ እሳት የማይደርሰው ሲሊንደር፣ ወትሮ ይቃጠል የነበረውን ጥቂት ዘይት ማቃጠል ስለማይችል ካንዴላው ይርሳል። ይህን ለመለየት የረጠበውን ካንዴላ አጽድተው ከጤነኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር ያለዋውጡና ጥቂት ቀን ይንዱ። እርጥበቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ሞቷል፤ በቦታው ከቀረ ደግሞ ገመዶቹን አለዋውጠው ይድገሙት። ገመድ ተቀይሮም እዚያው ሲሊንደር ላይ የሚመለስ ዘይት ብቻ ነው የሞተር ውስጥ ጉዳይ የሚሆነው።

በድሮ ቮልስዋገን ላይ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚከልልበት ሲሆን፣ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ከዚያ ቀደም በተሠራ ሞተር ላይ ይህ ሲሊንደር ቀድሞ ቢደክም አይገርምም።

ቮልስዋገኔን ተዳፋት ላይ ሳሳድረው ጠዋት ያጨሳል። ልጨነቅ?

ጭሱ ወዲያው ከጠፋና ካንዴላዎቹ ቡናማ ከሆኑ አይጨነቁ። ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ በመሆናቸው መኪናው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሲያድር ጥቂት ዘይት በፋሻው ክፍተት በኩል ይገባል። ደሴ ላይ ሜዳ ማግኘት ቀላል ባይሆንም፣ የዘይቱን ልክ ሲያዩ ግን መኪናው ሜዳ ላይ መቆም አለበት።

ከፋሻና ከቫልቭ ሌላ ዘይት ወደ ካንዴላ የሚወስድ ምክንያት አለ?

አለ፤ ርካሽ ስለሆነም ቀድሞ ሊታይ ይገባል። የመጀመሪያው ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ነው። የጥንዚዛው ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ «ትንሽ ቢበዛ ምን ይጎዳል» ተብሎ ሦስት ሊትር ሲፈስበት ትርፉ መውጫ ይፈልጋል። ሁለተኛው የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ መደፈን ነው፤ በፋሻው አልፎ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ከታች ያለውን ዘይት እየገፋ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ጓርኒሲዮኖቹ ይሰደዋል። ቱቦውን ነቅሎ በናፍታ ማጠብ ነው። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ ሳለ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሚሠራው ሞተር ጭስ እየገፋ የሚያወጣ ከሆነ ግን ወደ ፋሻው ጥርጣሬ እንመለሳለን።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። የድሮ ላንድሮቨርና ቮልስዋገን አየር የሚያጣሩት ታች ዘይት በሚይዝ ማጣሪያ ነው፤ በአቧራማ የገጠር መንገድ የሚመላለስ ሰው ማጣሪያውን አጥቦ ሲሞላ ከምልክቱ መስመር ካሳለፈ፣ ሞተሩ ትርፉን ከአየሩ ጋር ይስበዋል። አራቱም ካንዴላ ድንገት የረጠበው ማጣሪያው በታጠበ ማግሥት ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ሞተሩ በቅርቡ ታድሷል፤ ታዲያ ለምን ዘይት ይታያል?

አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እስኪላመድ ድረስ ጥቂት ዘይት ማሳለፉ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው፣ አዲሱን ሞተር ለሰዓታት በሚኒሞ ማስጮህ ወይም ለሳምንታት እንደ ዕንቁላል መያዝ ነው፤ ፋሻው ግድግዳው ላይ የሚላመደው በግፊት ስለሆነ፣ በሸክም ያልሠራ ሞተር ግድግዳው ያለ ጊዜው ይለሰልስና ዘይት ማሳለፉን ይቀጥላል። ማርሽ ሳያጨናንቁ አቀበት ማስወጣት ለአዲስ ፋሻ ጥሩ ነው። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ካልቀነሰ ወደ ሠራው ጋራዥ መመለስ ተገቢ ነው። «አብሽር፣ ይስተካከላል» የሚለው መልስ መልካም ልብ ያሳያል፤ የዘይት ልክ ግን በመለኪያው ዘንግ ነው የሚታየው። ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሲነሡና ሲመለሱ በአንድ ቦታ ለክቶ መጻፍ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል።

ወፍራም ዘይት ወይም የሚግል ካንዴላ መፍትሔ ይሆናል?

ጊዜ ይገዛል እንጂ አይጠግንም። ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ለሚመላለስ የደከመ ሞተር 20ደብልዩ50 ዘይት ከቀጭኑ የተሻለ ይሆናል። የሚግል ካንዴላ፣ ማለትም ሙቀቱን ቀስ ብሎ የሚያስተላልፍና ጫፉ ይበልጥ የሚሞቅ፣ ዘይቱን እያቃጠለ ጫፉን ያደርቃል፤ ሆኖም በረጅም አቀበት ላይ እሳቱ ከጊዜው በፊት እንዲነሣና ፒስተን እንዲበሳ ሊያደርግ ይችላል። ከአንድ ደረጃ በላይ መሄድን አልመክርም። ሲገዙም ይጠንቀቁ፤ ኤንጂኬ በሚሠራው ካንዴላ ላይ የሙቀት ደረጃውን የሚያመለክተው ቁጥር ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ቦሽ በሚሠራው ላይ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር የሚግል ይሆናል።

ለብዙ ወራት ቆሞ በተነሣ መኪና ላይ ፋሻው በካርቦን የተያዘ ከመሰለ፣ በየካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ናፍታ አፍስሶ ማሳደር ከማውረድ በፊት ሊሞከር ይገባል። በማግሥቱ ካንዴላዎቹ ሳይመለሱ ሞተሩ በሞተሪኖ መዞርና ፈሳሹ መውጣት አለበት፤ ያለበለዚያ ፒስተኑ የማይጨመቅ ፈሳሽ ገጥሞት ዘንጉ ሊጣመም ይችላል። ናፍታው ወደ ታች ስለሚወርድም ዘይቱ ወዲያው ይቀየራል።

የቫልቭ ጎሚኒ ለመቀየር ቴስታታ መውረድ አለበት?

ላዳ ላይ የግድ አይደለም። ፒስተኑን ዝቅ አድርጎ ለስላሳ ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ ማስገባት፣ ከዚያም ሞተሩን በእጅ አዙሮ ገመዱ ከፒስተኑና ከቫልቮቹ መካከል እንዲጨመቅ ማድረግ ቫልቮቹ እንዳይወድቁ ይይዛቸዋል። የገመዱ ጫፍ ውጭ መቅረቱን ያረጋግጡ። ግንዱ በቱቦው ውስጥ በጣት ሲገፋ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን አዲስ ጎሚኒ ብዙ አይቆይም፤ ያኔ ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት መሄዱ አይቀርም።

የረጠበውን ካንዴላ አጽድቼ መልሼ ልጠቀምበት እችላለሁ?

ሸክላው ካልተሰነጠቀና ጫፉ ካልተበላ ይቻላል። በቤንዚን ይጠቡት፣ በናስ ሽቦ ብሩሽ ይቦርሹት፣ በደንብ ያድርቁት። የብረት ሽቦ ብሩሽ ሸክላው ላይ የብረት ጭረት ስለሚተው እሳቱ በዚያ ያመልጣል። ክፍተቱን ይለኩ፤ ለላዳ 2101 ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ለጥንዚዛው 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ሲመልሱት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ሮንዴላው መኖሩን ይዩ፣ ጥርሱ መያዙን እስኪያረጋግጡ ድረስም በጣትዎ ብቻ ያዙሩት። ከጥገናው በኋላ ግን ለምርመራ የሚገባው አዲስ ካንዴላ ቢሆን ይመረጣል፤ አሮጌው ላይ ቀድሞ የተጋገረውን ዘይት ከአዲሱ ለመለየት ያስቸግራልና።